ያልተነበበችው ገጽ

«ይቅርታ፣ ይሄ ወንበር ሰው አለው?»

ደራሲዋ ዞራ አላየችም። ማየትም አላስፈለጋትም። ያንን ጎርናና ድምፅ ከሺህ ድምፅ መሀል ትለየዋለች። ልብ ወለዷን በሬዲዮ ሲተርከው የከረመው ድምፅ ነው።

ቀስ ብላ ዞረች። በሐሳቧ ስላ የያዘችው ረጅም፣ ፂማም፣ ግርማ ሞገሱ የሚያስፈራ ሰው ነበር። አጠገቧ የቆመው ግን የእሷ እኩያ የሚሆን፣ አጠር ያለ፣ የሸሚዙን ቁልፎች አዛንፎ የቆለፈ ሰው ነው።

«ሰው የለውም» አለችው። «ከመቀመጥህ በፊት ግን ሸሚዝህን አስተካክል።»

ደረቱን አይቶ ሳቀ። በሬዲዮ ሲስቅ ሰምታው አታውቅም። አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ባጅ ሲያነብ ግን ሳቁ ቆመ።

«አንቺ... አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ደግሞ...»

«አውቄሃለሁ። ይሄን ድምፅ ይዘህ መጥተህ ማን ነህ ትባላለህ እንዴ?»

የደራስያን ጉባኤ ነው ነገሩ። አዳራሹ ሰፊ ነው፣ ማይክሮፎኑ ያፏጫል፣ ፕሮግራሙ ገና በጠዋቱ ዘግይቷል። ሁሉም ደራሲ የራሱን መጽሐፍ በብብቱ ይዞ የሚሰጠው ሰው ይፈልጋል፤ የሌላውን የሚቀበል ግን የለም። እሷ እንዲህ ያለ ቦታ አይጨንቃትም። መጽሐፏ ተነቧል፣ ተሰምቷል፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ነው የገባችው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት መድረኩ የእሷ ነው። መድረኩን እንዲመራ የተጋበዘው ደግሞ ይኸው አጠገቧ ተቀምጦ ቁልፉን የሚያስተካክለው ተራኪ ነው።

በሻይ ሰዓት ከአዳራሹ ውጭ ያለ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ሻዩ ቀዝቃዛ ነበር፤ ጨዋታቸው ግን ሞቅ ያለ።

«ስታነብ ምን ታደርጋለህ?» አለችው። «የመጽሐፌ ልብስ ሰፊ ስትቆጣ እውነት የተቆጣህ ትመስላለህ።»

«ስትቆጣ ቆሜ አነባለሁ። ስታዝን እቀመጣለሁ። ሁልጊዜ ግን ጫማዬን አውልቄ ነው።»

«ጫማህን ለምን?»

«የስቱዲዮው ወለል ያረጀ ነው፤ ሲረገጥ ሲጢጥ ይላል። ያን ሁሉ ገጽ በካልሲ ነው ያነበብኩልሽ።»

እስኪያስለቅሳት ሳቀች። እንዲህ ከሳቀች ቆይታለች።

መቼስ ይህን ታሪክ የማያውቅ ሰው እንዳይቸገር፣ መጽሐፏ ስለ አንዲት ልብስ ሰፊ ነው። የወደደችው ሰው «ክረምቱ ሳይወጣ እመጣለሁ» ብሏት ይሄዳል። ክረምቱ ይወጣል፣ ሌላም ክረምት ይወጣል፣ እሷ በሯ ላይ ሆና መንገድ መንገዱን ታያለች። በመጨረሻዋ ገጽ ግን ተነሥታ ትወጣለች፣ በሩን ከውጭ ትዘጋለች፣ ትሄዳለች። ደራሲዋ ያቺን ገጽ ከራሷ ሕይወት ቆርጣ ነው የጻፈቻት። እሷም እጮኛዋ ለትምህርት ሄዶ የሠርጉን ፎቶ የላከላት ሴት ናት፤ ሙሽራይቱ ደግሞ እሷ አይደለችም። አለቀሰች፣ ጸጉሯን ተቆረጠች፣ መጽሐፉን ጻፈች፤ የትኛው እንደቀደመ ታላቅ እህቷ ብቻ ናት የምታውቀው። መጽሐፉ በሬዲዮ ሲተረክ አንድ ክፍል አላመለጣትም። የመጨረሻው ዕለት ግን ሬዲዮውን ዘጋችው። ያችን ገጽ ከሌላ ሰው አፍ መስማት አልቻለችም።

«ስለ መጨረሻው ክፍል...» አለ ተራኪው፣ ሻዩን እያማሰለ።

«ስለሱ አላወራም።»

«አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ።»

«ዛሬ ገና ተዋወቅን። ሁሉንም ዛሬ ከጨረስነው ነገ ምን ልናወራ ነው?»

«ነገ» ማለቷ ደስ አሰኘው። ሊናገር የከፈተውን አፉን መልሶ ዘጋው። ማምሻውን እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ሸኛት። አውቶቡሱ መጣ፤ አልተሳፈረችም። ሌላ መጣ፤ እሱንም አሳለፈችው። እሱም እንዳላየ ሆነ። በሦስተኛው ስትሳፈር በመስኮት እጇን አወዛወዘችለትና፣ ወንበሯ ላይ ተደላድላ ስትቀመጥ እውነቱን ለራሷ አመነች። ወዳዋለች። ከዚህ በኋላ ሞኝ አልሆንም ብላ የማለችው ሴት፣ ቁልፍ የሚያዛንፍ ሰው ወዳ ቁጭ አለች።

በማግስቱ ጠዋት መጽሐፍ የምትፈርምበት ጠረጴዛ ፊት ሰልፍ ነበር። ከፊት የቆመችው ጸጉር ሠሪ ናት፤ እጇ አሁንም የቅባት ሽታ አለው።

«እትዬ፣ እግዜር ይስጥሽ» አለቻት። «የኛ ሳሎን ሰው ሁሉ ነው ያለቀሰው። በሩን ስለከፈተችለት።»

ደራሲዋ ብዕሯን ቀና አደረገች። «የቱን በር?»

«የልብስ ሰፊዋን ነዋ! ሰውዬው መጣላት አይደል? እጇን በሩ ላይ አደረገች ሲል፣ ከዚያ ዝም ሲል፣ ሙዚቃው ሲገባ... ካስክ ውስጥ ጸጉሯን የምታደርቅ ደንበኛዬ ሳትቀር ብድግ አለች።»

ከኋላ የቆሙ አስተማሪ ጣልቃ ገቡ። «የምን መክፈት? ወጥታ፣ ዘግታው፣ ሄደች። መጽሐፉን አላነበብሽም?»

«እኔ በጆሮዬ የሰማሁትን!»

«እኔስ በዓይኔ ያየሁትን?»

ሰልፉ ለሁለት ተከፈለ። ያነበበው «ዘግታዋለች» ይላል፣ የሰማው «ከፍታለታለች» ይላል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ አገር ሁሉ የሚያወራውን የመጽሐፉ እናት ብቻ አልሰማችም። ስልኳን አንሥታ እህቷ ጋ ደወለች።

«መጽሐፌ እንዴት ነው የሚያልቀው?»

«ምን ሆነሻል? በሩን ትከፍትለታለች።»

«አንቺም? መጽሐፉን አላነበብሽውም ማለት ነው?»

«ሽፋኑን አንብቤዋለሁ» አለች እህቷ። «ከሬዲዮ ከሰማሁ በኋላ ምን ያደርግልኛል ብዬ ነው።»

ስልኩን ሳትዘጋው አሳታሚው ፈገግ ብሎ መጣ። ከሆዱ በፊት ሳቁ የሚደርስ ሰው ነው።

«ልጄ፣ የምሥራች! አዲስ እትም ልናወጣ ነው። በሬዲዮው መጨረሻ። ሕዝቡ እሱን ነው የወደደው። ያቺን የመጨረሻ ገጽ አንስተን እንጥላት። ከሰዓት መድረኩ ላይ አብስረዋለሁ፤ እስከዚያ እሺ በይኝ።»

«እምቢ ካልኩስ?»

«እምቢ ካልሽማ...» ትከሻውን ነቀነቀ። «አሮጌው እትም አልቋል፣ አዲሱ ይቀራል። እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ልጄ።»

እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ተራኪውን ፍለጋ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ አገኘችው። ሁለት ሻይ ይዞ ወደ እሷ እየመጣ ነበር።

«የመጨረሻዋን ገጽ ለምን አላነበቧትም?» አለችው።

ትናንት «አንተ» ያለችው ሰው ነው። የተቆጣች ሴት አንቱታ ከስድብ ይከብዳል። ሻዩን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠው።

«ትናንት ልነግርሽ...»

«ዛሬ ነው የጠየቅኩዎት።»

«እሺ» አለ። «ታላቅ ወንድሜ ወጥቶ የቀረ ሰው ነው። እናቴ ይመጣል እያለች በር በሩን እያየች ነው የምትኖረው። ትረካውን አንድ ቀን አላመለጣትም። ማታ ቤት ስገባ፣ ‹ለልብስ ሰፊዋ ሰውዬው ይመጣላታል ወይ?› ነው የምትለኝ። የመጨረሻው ዕለት ስቱዲዮ ገብቼ እጇን በሩ ላይ አደረገች እስከሚለው አነበብኩ። ከዚያ በኋላ ድምፄ እምቢ አለኝ። ደጋገምኩት፤ እምቢ አለኝ። እናቴ ፊት በር መዝጋት አልቻልኩም። የድምፅ ባለሙያውን ሙዚቃ አስገባ አልኩት።»

አንጀቷን በላው። ቢሆንም አልለሰለሰችም።

«ሊያማክሩኝ ይችሉ ነበር።»

«ነበር።»

«እኔ ያቺን ሴት ከበር ላይ ለማንሣት ስንት ለቅሶ አልቅሻለሁ። እርስዎ መልሰው አስቀመጧት። ከእሷ ጋር ደግሞ የሚሰማዎትን ሰው ሁሉ በር ላይ አስቀመጡት። እናትዎንም ጭምር።»

እጁን ወደ ሻዩ ሰደደ።

«ለማንኛውም መድረክ ላይ እንገናኛለን» አለችውና ሄደች። ሻዩ እዚያው ቀዘቀዘ።

ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። ጸጉር ሠሪዋ ከፊት፣ አስተማሪው ከጎኗ ተቀምጠው አሁንም ይከራከራሉ። አሳታሚው ክራቫቱን አጥብቆ ወደ ማይክሮፎኑ ሲነሣ ተራኪው ቀደመው።

«ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር አለብኝ» አለ። «በሬዲዮ የሰማችሁት ታሪክ አላለቀም። አንዲት ገጽ ትቻለሁ። ደራሲዋን ሳላስፈቅድ የተውኩት እኔ ነኝ። በሩን የከፈተችለት ልብስ ሰፊዋ አይደለችም፤ እኔ ነኝ።»

አዳራሹ አጉረመረመ። አሳታሚው ቆሞ ቀረ። ደራሲዋ ግን መጽሐፏን ከፍታ፣ የመጨረሻዋን ገጽ በጣቷ ይዛ፣ አቀበለችው።

«እንግዲያው አሁን አንብባት» አለችው።

«አንተ» መባሉን ልብ አለ። ጎንበስ አለና፣ ያ ሁሉ ሰው እያየው፣ ጫማውን አወለቀ። ከዚያ ማንበብ ጀመረ።

«ልብስ ሰፊዋ እጇን በሩ ላይ አደረገች። መንገዱን አየችው። እስከ ዛሬ ሰው የሚመጣበት ብቻ ይመስላት ነበር፤ ሰው የሚሄድበትም መሆኑ ትዝ አላት። ወጣች። በሩን ከውጭ ዘጋችው። ቁልፉን እንደወትሮው ከደጃፉ ድንጋይ ሥር ልታኖርለት ጎንበስ አለች፤ ተወችው፤ ኪሷ ከተተችው። አልሮጠችም፤ የሚያባርራት የለም። ለሰው ሁሉ ስትሰፋ ኖራ ለራሷ የሰፋችውን ቀሚስ ለብሳለች። ማንጎራጎር ጀመረች። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ዘፈኑን ሳትጨርሰው አዲስ መንገድ ያዘች።»

ድምፁ መሀል ላይ አንዴ ተንቀጠቀጠ። አላቋረጠም።

ጸጉር ሠሪዋ ብድግ አለች።

«እና ይቺን ነው የደበቅክብን?» አለችው። «ምኗ ያሳዝናል? ሄደች እኮ! እሰይ፣ ደግ አደረገች።»

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ደራሲዋም አብራ ሳቀች፣ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። ስትጽፋት እያለቀሰች ስለነበር የሐዘን ገጽ ነበር የምትመስላት። ለመስማት የፈራችውም ለዚያ ነው። አሁን በእሱ ድምፅ ስትሰማት፣ ልብስ ሰፊዋ በሩን ዘግታ ስትሄድ እየዘፈነች እንደነበር ገና ሰማች። እሷም ዳነች ማለት ነው። ከዳነች ቆይታለች፤ የነገራት ሰው አልነበረም እንጂ።

አሳታሚው ጉሮሮውን ጠራረገ። «እኔ... እኔ ላበስር የመጣሁት አዲሱን እትም ነው» አለ፤ ጭብጨባውንም በነጋዴ ጆሮው መዘነው። «እንዳለ። ከነገጿ።»

ሕዝቡ ሲበተን ተራኪው ጫማውን እያሰረ ቀና ብሎ አያት።

«ይቅር ትይኛለሽ?»

«ይቅርታህን በሬዲዮ ነው የምፈልገው። ያቺን ገጽ ለሰማህ ሰው ሁሉ ታነባታለህ።»

«አነባታለሁ።»

«እኔም እመጣለሁ። ዳግመኛ ሙዚቃ እንዳታስገባብኝ።»

ቃሉን ጠበቀ። በሳምንቱ ስቱዲዮ ወሰዳት። ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳዋ ስፖንጅ ለብሷል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማይክሮፎን፣ ሁለት ወንበር አለ። የድምፅ ባለሙያው ከመስታወቱ ማዶ ተቀምጧል። ተራኪው ጫማውን አውልቆ በሩ አጠገብ አስቀመጠ። ሸሚዙ በትክክል ተቆልፏል።

«ትናንት ለእናቴ አነበብኩላት» አላት።

«ምን አለች?»

«በሩን ትክ ብላ ስታየው ቆየች። አበቃልኝ ብዬ ነበር። ከዚያ፣ ‹ጫማዬን የት አደረግክብኝ?› አለችኝ።»

«ጫማዋን?»

«እህቷ ጋ ለመሄድ። ወንድሜ ከወጣ ወዲህ፣ መጥቶ እንዳያጣኝ ብላ ለጥየቃ ከቤት ወጥታ አታውቅም። ‹ከመጣ ጎረቤት ይነግረዋል፤ እኔም ለሰው እንግዳ ልሁን እንጂ› ብላ ሄደች።» የሸሚዙን እጅጌ ጠቀለለ። «ማታ ስትመለስ እየሳቀች ነበር። ‹ገጿን የጻፈችውን ልጅ አምጣት› ብላኛለች።»

«እና ምን አልካት?»

«እሷ የሰው በር ዘግታ ትሄዳለች እንጂ እንዲህ በቀላሉ አትገባም አልኳት።»

ፈገግ አለች። ባለሙያው መስታወቱን በጣቱ መታ መታ አደረገና ሰዓቱን አሳየ። የስቱዲዮው በር ወፍራም ነው፤ ቀረጻ ሲጀመር መዘጋት አለበት። እንግዳ የሚቀመጠው ደግሞ ከመስታወቱ ማዶ ነው። ተራኪው የበሩን እጀታ ይዞ ቆመ። እሷ ደፉ ላይ ናት፤ ግማሽ ወደ ውጭ፣ ግማሽ ወደ ውስጥ።

«ልዝጋው?» አላት ቀስ ብሎ።

ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች፣ ከእሱ ጫማ አጠገብ አስቀመጠችው፣ በባዶ እግሯ ገብታ ሁለተኛውን ወንበር ሳበች።

«ዝጋው» አለችው። «ከውስጥ።»