ዘጠና ዘጠኝ አዝራር

ልብስ ሰፊዋ ስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ ተገኘች። የብረት ካውያው የራስ ቅሏን ሰብሮታል፤ ደሟ ከጠረጴዛው እስከ ወለሉ ወርዶ ረግቷል። የመታት ሰው በአንድ ምት አልበቃውም፤ አራቴ ነው ያወረደባት።

ታናሽ እህቷ ደም በነካ እጇ በሩ ላይ ቆማለች። የሟች ባል፣ አናጢው፣ ያለቅሳል።

«ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኪኒኗን ስትውጥ አይቼ ነው የወጣሁት» አለ። «ሉፐስ የሚሉት በሽታ አለባት፤ ካልጠበቅኋት አትወስድም። ኪኒኗን ውጣ፣ ኩባያዋን አጥባ፣ እስከ በር ሸኘችኝ።»

በኪኒን ሳጥኑ ውስጥ የዛሬው፣ የሐሙስ ክፍል ባዶ ነው።

«እሱ ከወጣ በኋላ የገባችው እህትየዋ ብቻ ናት» አሉ አከራይዋ።

ፖሊሱ ካቴናውን አወጣ። «ልሰራት?»

«ቆይ!» አሉ መርማሪው። በዚህች ቃላቸው የተነሳ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ «ጋሽ ቆይ» ይላቸዋል። ከስፌት መኪናው ስር የታሰረ ሻንጣ፣ ከመሳቢያው ቀይ አዝራሮች በተርታ የተሰፉበት ጨርቅ አወጡና አንድ በአንድ ቆጠሩ።

«ይሄ ምንድነው፣ ልጄ?»

«መድኃኒቷን እየዘለለች ኩላሊቷ ሥራ ሊያቆም ሲል ተማማልን» አለች እህትየዋ እንባዋን እየዋጠች። «በየጠዋቱ እንደዋጠች፣ ሌላ ነገር ሳትነካ አንድ አዝራር ትሰፋለች። መቶ ሲሞላ አቅም ይኖራታል፤ ከባሏ ዱላ ወጥታ እኔ ጋ ትገባለች። ዛሬ መቶኛው ነበር። ልወስዳት መጥቼ እንዲህ ሆና አገኘኋት፤ ላነሳት ስል ነው ደሟ እጄን የነካው።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ጋሽ ቆይ ግን እስኪያድር አልጠበቁም። ሁሉም እንዲቀመጡ አደረጉ።

«አዝራሩ ዘጠና ዘጠኝ ነው። አንድ ቀን ያልዘለለች ሴት፣ ኩባያ አጥባና ባል ሸኝታ የመጨረሻዋን አዝራር ትረሳለች? አልዋጠችም። ሻንጣውን ያየ ሰው ቀድሞ ገደላት። ከዚያ እስከ ሁለት ሰዓት በሕይወት የነበረች ለማስመሰል የሐሙሱን ክፍል አራገፈ። ስትውጥ አየሁ ያለን ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

አናጢው ወደ በሩ ዘለለ። ፖሊሱ ክንዱን ጠምዝዞ ከግድግዳ ሲያላትመው፣ ከኮቱ ኪስ ከሰጋቱራ ጋር ሦስት ኪኒኖች ተበተኑ።

«እኔን ጥላ ልትሄድ!» ብሎ አጓራ ደም እየተፋ።

«ሦስት ወር ሙሉ ፊትህ ተቀምጣ አዝራር ስትሰፋ፣ ምንድነው ብለህ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅካትም?» አሉት ጋሽ ቆይ።

ፖሊሱ አናጢውን በካቴና አሰረው።

አስከሬኑን ሲያነሱ የሟች መዳፍ ላላ፤ ልትሰፋት ያዘጋጀቻት መቶኛዋ ቀይ አዝራር ወደቀች። እህትየዋ መሬት ላይ ተንበርክካ በሁለት እጇ ከደነቻት።