በገዛ ማሳው የተከሰሰ ሰው

ጋጄንድራን ሸንኮራው መሀል በአፍጢሙ ተደፍቶ ያገኙት አገዳ ቆራጮች ናቸው። አናቱ በመኮትኮቻ ተፈልጧል። ማሳው አባታቸው ለሱ፣ ለታላቁ ለብሪጅላልና ለእህታቸው ለሳሪታ የተዉት፣ ያልተከፋፈለ መሬት ነው። ያም ሆኖ ብሪጅላል «ይዞታዬን ጥሶ ገባ» እያለ ሟቹን ደጋግሞ አሳስሮታል። በገዛ ርስቱ እንደ ሌባ መታሰር፣ ጉድ እኮ ነው!

ቆራጮቹ በቀጥታ ወደ ኢንስፔክተር ሱሎቻና ሄዱ። እሷም ሬሳውን አስጠብቃ መርዶውን ራሷ ይዛ ብሪጅላል ቤት ገባች። የብሪጅላል ልጆች ቂጣ ቂጣ እያሉ ያለቅሳሉ።

«ወንድምህን ገድለውታል።»

«ወይኔ» ብሎ ደረቱን መታ። «ከትናንት ጀምሮ ማናችንም ከደጅ አልወጣንም፤ መስማቴም ገና ካንቺ ነው፣ መዳም። ሳሪታን ጠይቂያት። ትናንት ማሳው ላይ ሲናከሱ ነው የዋሉት።»

እናቱ ጥግ ይዘው ቁጭ ብለዋል፤ መርዶውን ሲሰሙ ቀና እንኳ አላሉም። ሱሎቻና ምድጃው አጠገብ የተቀመጠውን ሊጥ በጣቷ ነካች፤ ምድጃው ውስጥም እጇን ሰደደች።

ሳሪታ አልሸሸገችም። «መኮትኮቻው የኔ ነው፤ ሁሌም እዚያው ጥዬው እሄዳለሁ። ተጣልተናል፤ አልገደልኩትም። ታስሪኛለሽ?»

«ሌላ ሰው ካላገኘሁ፣ አዎ።»

ቀትር ላይ ሁሉንም ብሪጅላል ግቢ ሰበሰበቻቸው።

«መርዶ ይዤ ስገባ ሊጡ ተቦክቶ ደርቋል» አለች። «አመዱ ግን ጭቃ ሆኗል። ቂጣው ሊጋገር ሲል እሳቱ ላይ ውሃ ተደፍቶበታል። የሟች ሬሳ ሳይቃጠል በዘመዱ ቤት ምድጃ እንደማይነድ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔ ሳልነግራችሁ ሐዘን የተቀመጠው ማነው?»

ብሪጅላል ሳቀ። «እንጨቱ ርጥብ ነበር።»

«ሰብሬ አየሁት፤ ደረቅ ነው። ከደጅ የወጣ ከሌለ ወሬውን ማን አመጣው? እማማ፣ ውሃውን የደፉት እርስዎ ነዎት?»

አሮጊቷ ቀና አሉ። «ጎህ ሲቀድ ብሪጅላል ደም ሲታጠብ አየሁት። ‹ከእንግዲህ ማንም ማሳዬ አይገባም› አለኝ። ልጄ ወድቆ እንዴት እሳት ይንደድ?»

«ዝም ብትዪ ምን ነበረበት?» አለ ብሪጅላል። «ሳሪታ ትታሰር፣ መሬቱም ለኛ ይቀር ነበር።»

ሳሪታ አፏን በመሸፈኛዋ ይዛ ተንሰቀሰቀች። ብሪጅላልን በካቴና አስረው ሲያወጡት እናቱ የሱሎቻናን እጅጌ ያዙ።

«ወንድ ልጅ ሁለት ነበረኝ። ስሞት ሬሳዬ ላይ እሳት የሚለኩሰው ማነው?»

«እኔ አለሁልሽ፣ እማ» አለች ሳሪታ።

«አንቺማ ሴት ነሽ» አሏትና ፊታቸውን አዞሩባት።