ማርከን ላይ «ግባ» ያልኩት

እኔ በመንፈስና በጥላ የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን ከወዲሁ ያዙልኝ፣ ልጅ ሳለሁ እንኳ ሰፈሩ ሁሉ ጅብ እየሆነ ይዞራል ብሎ የሚፈራውን ሰውዬ ጓሮ ገብቼ ከዛፉ ላይ ዘይቱን የምሰርቅ ነበርኩ፣ አሁንም እዚህ አምስተርዳም ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጓደኛዬ ሰብለ ስለ ዓይነ ጥላ ስታወራ «አንቺ ልጅ፣ ቫይታሚን ዲ ጎድሎሽ ነው» እያልኩ የማበሽቃት እኔ ነኝ። ስለዚህ የምነግራችሁን ስትሰሙ ይህች ሴት ድሮም ፈሪ ነበረች እንዳትሉኝ።

ሥራዬ ቱይስዞርግ ነው፣ ሽማግሌዎችን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒት እሰጣለሁ። ከምሄድባቸው ቦታዎች አንዷ ማርከን ናት፣ ከአምስተርዳም ብዙም የማትርቅ፣ በአንድ ቀጭን መንገድ ከየብስ ጋር የተያያዘች መንደር፣ ድሮ ግን ራሷን የቻለች ደሴት ነበረች። ወንዱ ዓሣ አጥማጅ ነበር፣ ቤቱ ሁሉ በእንጨት ምሰሶ ላይ ይቆማል፣ ምክንያቱም ማዕበል ሲነሳ ባሕሩ በቤቱ ሥር ገብቶ በጓሮ በኩል ይወጣል፣ ሰዉም በጎቹን ቆጥ ላይ አውጥቶ እስኪያልፍ ይጠብቃል። በኋላ ባሕሩ በግድብ ተዘጋ፣ ውሃው ቀስ በቀስ ጨውነቱን ጥሎ ሐይቅ ሆነ፣ አጥማጆቹም መረባቸውን ሰቀሉ፣ በምሰሶዎቹ መካከል ያለውንም ባዶ በሳንቃ ዘግተው ዕቃ ቤት አደረጉት።

እዚያ ሜቭራው ኔልቼ፣ ወይዘሮ ኔልቼ ማለት ነው፣ የሚባሉ ዘጠናን ያለፉ አሮጊት አሉኝ። ግድግዳቸው ላይ ቀሚስ የለበሰ ሕፃን ፎቶ አለ፣ «እህትዎ ቆንጆ ነበሩ» ብላቸው ሳቁብኝ፣ ለካ ደሴቷ ላይ ትንንሽ ወንዶችንም ቀሚስ ያለብሱ ነበር፣ ልጁ ታላቅ ወንድማቸው ነው፣ እሳቸው ሳይወለዱ ከአባቱ ጋር ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ባሕር ቀርቷል።

«የምዕራብ ነፋስ ሲነሳ ወለሉ ከሥር ከተንኳኳ፣ በእግርሽ መልሰሽ ምቺው» አሉኝ በዚያው ቀን፣ ኮስተር ብለው።

«ለምን?»

«ባሕር የቀረ ሰው ቤቱ ይጠፋበታል። ስትመቺው አለን፣ ቤቱ እዚህ ነው ማለትሽ ነው፣ እናቴ እንደዚያ ነው ያስተማረችኝ። በአፍሽ ግን ምንም አትበዪ። ሰላም ይባላሉ እንጂ አይጋበዙም።»

ሳቄን ዋጥ አድርጌ «እሺ ሜቭራው» አልኳቸው።

እዚህ ላይ የራሴን ነገር ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። ታናሽ ወንድሜ ቢኒያም በሱዳን አድርጎ ሊቢያ ገብቶ ነበር፣ መጨረሻ የደወለው «ነገ በባሕር እንወጣለን፣ ለእማዬ እንዳትነግሪ» ብሎ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ዓመታት አለፉ፣ ወሬ የለም፣ ሬሳ የለም፣ አየሁት የሚል የለም። እማዬ በየእሑዱ ከወልዲያ ትደውላለች፣ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፣ «ከልጁ ወሬ አለ?»፣ ዘመድ ለቅሶ እንቀመጥ ሲላት «መርዶ ሳይመጣ ለቅሶ ሟርት ነው» ብላ ታባርራለች። እኔም የሆነ እስር ቤት ውስጥ ይሆናል እላለሁ፣ ሌላውን ማሰብ አልችልም። ይህን ግን ለሜቭራው ትንፍሽ ብዬ አላውቅም፣ ሥራ ቦታ ሐዘኔን አልዘረግፍም።

ነገሩ የሆነ ቀን የፈረንጆቹ ክረምት ነው፣ ከሰዓት በኋላው ሳያልቅ ጨልሟል፣ ነፋሱ በሳንቃዎቹ መካከል ያፏጫል። ሜቭራው መድኃኒታቸውን ወስደው ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል፣ እኔ ሳህን አጥባለሁ። መጀመሪያ ጠብ ጠብ የሚል ነገር ሰማሁ፣ ቧንቧውን ዘጋሁት፣ አልቆመም። ቀጥሎ ከሥር አንድ ነገር ከእንጨት ጋር ተጋጨ፣ ድመት ነው አልኩ። ከዚያ ወለሉ ተንኳኳ፣ ቀስ ብሎ፣ እንዳያስቸግር የሚጨነቅ ሰው እንደሚያንኳኳው።

እንግዲህ ፍረዱኝ፣ እዚህ አገር ስኖር ያለ አፍስፕራክ፣ ያለ ቀጠሮ ማለቴ ነው፣ ቤቴን ያንኳኳ ሰው የለም፣ ወልዲያ እኛ ቤት ደግሞ ሲንኳኳ መልሱ አንድ ነው፣ እግር መምታት ውሻ ለማባረር ነው፣ እጄ ውሃ ውስጥ እንዳለ አፌ ቀደመኝና «ማነው? ግባ!» አልኩ።

ማንኳኳቱ ቀጥ አለ። ምንጣፉ መሐሉ ላይ ትንሽ ከፍ ብሎ ተመልሶ ተኛ፣ በመስኮቱ መስታወት ነው ያየሁት። ጠረጴዛው አጠገብ ያለው ባዶ ወንበር ሲጥጥ አለ፣ ሰው ሲቀመጥበት እንደሚለው፣ ከዚያ ትንፋሽ ሰማሁ፣ ብዙ የደከመ ሰው ትንፋሽ። እመኑኝ፣ መዞር አቃተኝ፣ በሰብለ የምስቀው ሴትዮ ማዕተቤን በሳሙና እጄ ጨብጬ ሳህን ላይ አፈጠጥኩ።

«ማንን ነው ያስገባሽው?» አሉ ሜቭራው፣ ነቅተው።

ዞርኩ። ማንም የለም። ወንበሩ ግን ርሷል፣ ውሃው በእግሮቹ እየወረደ ወለሉ ላይ ተጠራቅሟል። ምንጣፉን ገለጥኩት፣ ወደ ታችኛው ዕቃ ቤት የሚያወርደው የወለሉ መዝጊያ በዛገ ምስማር እንደተመታ ነው።

«ሌካዥ ይሆናል፣ ቧንቧ ፈንድቶ» አልኩ።

ሜቭራው ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ነከሩና ቀመሱት። «ጨው ነው» አሉ። «የኛ ውሃ እኔ ልጅ ሳለሁ ነው ጨው ያጣው። በእግርሽ መታሽ?»

«አይ፣ አፌ ቀደመኝ፣ ግባ አልኩ።»

«በደች?»

«አይደለም፣ በኛ ቋንቋ ነው ያመለጠኝ።»

ጣታቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉ። «የኔ ወንድም ያንቺን ቋንቋ አያውቅም» አሉ፣ ከዚያ ትክ ብለው አዩኝና «አንቺ ልጅ፣ ባሕር የቀረብሽ ሰው አለ?» አሉኝ።

«የለም!» አልኩ፣ ምን እንዳጣደፈኝ እስካሁን አላውቅም።

ወንበሩ እንደገና ሲጥጥ አለ፣ ሰው ሲነሳ እንደሚለው።

እሑድ እማዬ ደወለች። «ከልጁ ወሬ አለ?» አለችኝ፣ ስንት ጊዜ የመለስኩላት «የለም» ከአፌ አልወጣ አለኝ፣ እማዬም «ሃሎ? ሃሎ?» አለች፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው ብዬ ዘጋሁባት።