በአውራ ጣት የተጻፈ ትእዛዝ

ኻሊድ አዲስ አበባ ኦሎምፒያ በሚገኘው የመሥሪያ ቤቱ ሕንፃ የኋላ ደረጃ ላይ ሞቶ ተገኘ። ከአራተኛ ፎቅ ወድቆ አንገቱ ተሰብሯል። ስልኩ አጠገቡ ወድቋል፤ ተጣጣፊ ኪቦርዱ ግን ቦርሳው ውስጥ እንደታጠፈ ነው። የክሊኒኮችን የታካሚ መረጃ በሚያስቀምጥ ድርጅት የሰርቨር ተቆጣጣሪ ነበር። ሰርቨሮቹ ያሉት ሌላ ቦታ ነው፤ እሱ ቤቱ ካለበት ከለሚ ኩራ ሲመጣ ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ እንኳ በስልኩ ያዝዛቸው ነበር።

ኢንስፔክተር ብሩክታይት ስትደርስ ጥፋተኛዋ ተመርጣ ጠበቀቻት።

«አብራው የምትሠራው ሱሀይላ ናት» አለ የቴክኒክ ኃላፊው ዓለምሰገድ። «ኻሊድ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ በስልኩ ሰርቨር ውስጥ ገብቶ ፋይል ማጥፋት ጀምሯል፤ መዝገቡ ላይ አለ። ስለዚህ እስከዚያ በሕይወት ነበር። እኛ ከአራት እስከ አምስት ስብሰባ ላይ ነበርን። ውጭ የነበረችው እሷ ብቻ ናት።»

«ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

«የታክሲ ኢንጂነር እንለው ነበር። ሰርቨር በስልክ! እኔ በአሥራ ሁለት ዓመት ሥራዬ ከጠረጴዛዬና ከኬብሌ ውጭ አንድ ትእዛዝ ጽፌ አላውቅም።»

«ጎበዝ» አለች ብሩክታይት፤ ፊቷን እንኳ አላነሣችም።

የድርጅቱ ባለቤት አብኔዘር ሰዓቱን እያየ ተቀበላት።

«ደንበኞቼ ባሉበት ቀን! ይታይዎት እስቲ። እኔ ኮምፒውተር ከፍቼ መዝጋት ነው የምችለው፤ ሥርዓት ግን አውቃለሁ። በስብሰባ ስልክ አላስገባም፤ የሁሉንም በሩ ላይ በቅርጫት የምሰበስበው ራሴ ነኝ።»

«ዛሬ መብራት ጠፍቶ ነበር?»

«አራት ከሃያ አምስት ላይ። ዋይፋዩም አብሮ ሄደ። ክፍሉ መስኮት የለውም፤ ከዓለምሰገድ ጭን በኩል ትንሽ ብርሃን ባይታይ እርስ በርስ እንጋጭ ነበር።»

ጻፈች። አላመሰገነችውም።

ሱሀይላ ሌላ ክፍል ውስጥ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ በቆመው ፖሊስ እጅ ካቴና ተንጠልጥሏል። ከዚያ ክፍል የምትወጣው ወደ እስር ቤት እንደሆነ ተነግሯታል።

«ከስብሰባው በኋላ ስፈልገው ነው ያገኘሁት» አለች። «ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው። ሁለታችንም በስልክ ነው የምንሠራው።»

«ስልኩን ሌላ ሰው ሊከፍተው ይችላል?»

«ሥራ ላይ ሲሆን እንዳይቆለፍ ያደርገዋል።»

«ሰርቨር ሲገባ መጀመሪያ ምን ያደርግ ነበር?»

«የማይዘጋ ክፍል ይከፍታል። እንዲህ እንለዋለን እንጂ ሰርቨሩ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ታክሲው መገናኛ ሲደርስ ኔትወርክ ቢቆረጥ፣ መብራት ቢጠፋ፣ ያዘዙት ሥራ እዚያ ውስጥ ይቀጥላል። ያለዚያ መስመሩ ሲቋረጥ ሥራውም ይቆማል። በስልክ የሚሠራ ሰው ያን ሳይከፍት አንድ ቃል አይጽፍም።»

«የዛሬውን መዝገብ አሳዪኝ።»

ሱሀይላ ከፈተችው። ጣቷ መሐል ላይ ቆመ።

ብሩክታይት ሁሉንም መስኮት በሌለው የስብሰባ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«አራት ከሃያ ላይ የጻፈው ሰው የማይዘጋውን ክፍል አልከፈተም» አለች። «መብራት ሲጠፋ መስመሩ ተቋረጠ፤ የማጥፋቱ ሥራም ግማሽ ላይ ቀረ። ይህን ስሕተት ኻሊድ አይሠራም። ሱሀይላም አትሠራም። አቶ አብኔዘር ደግሞ ትእዛዙን ራሱን አያውቁም። የሚቀረው ትእዛዙን የሚያውቅ፣ የስልክ ሥራን ግን ከመናቅ ብዛት ያልተማረ ሰው ነው።»

ዓለምሰገድ ሳቀ። «ይሄ ማስረጃ ነው?»

«ወደ ሰውየው መራኝ እንጂ ማስረጃስ አይደለም። ማስረጃው ሌላ ነው፤ ስልክህ ቅርጫት ውስጥ ነበር። መብራት ሲጠፋ ታዲያ ጭንህ ላይ ያበራው የማን ስልክ ነው?»

አብኔዘር ወደ ዓለምሰገድ ዞረ።

«ኻሊድን ከአራት ሰዓት በፊት ገፈተርከው። ስልኩን ኪስህ ከተህ ስብሰባ ገባህ። ኪቦርድ ጠረጴዛ ሥር አይዘረጋም፤ በአውራ ጣትህ ጻፍክ። እሱ እስከ አራት ከሃያ በሕይወት የነበረ እንዲመስል። ስብሰባው ሲያልቅ ስልኩን አጠገቡ መለስክ። ለማጥፋት የሞከርከውም የታካሚዎቹ መረጃ የመጠባበቂያ ቅጂዎች መዝገብ ነው። የተረፈው ግማሽ እንደሚለው ለአሥራ አንድ ወር አንድም ቅጂ አልተወሰደም። በየሳምንቱ ግን ተወስዷል ብለህ ፈርመሃል። ኻሊድ ደረሰበት።»

«በዚያች መጫወቻ!» ዓለምሰገድ ጮኸ። «አሥራ ሁለት ዓመት የሠራሁትን ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ በመጫወቻ ሊያፈርስብኝ!»

«ምንም አልሠራህም እኮ። እሱ ያገኘው ያንን ነው» አለችው።

ካቴናው ዓለምሰገድ እጅ ላይ ገባ። ወስደውት ሲወጡ አብኔዘር ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሱሀይላ፣ እህቴ፣ የኻሊድን ቦታ ከአሁን ጀምሮ አንቺ ያዢው። ደንበኞቹ ሳይሰሙ የጠፋውን ብታዪልኝ...»

«ለእናቱ ማን ነገራቸው?»

አስከሬኑ ከተገኘ ጀምሮ ለጠበቃ ተደውሏል፤ ለደንበኞች ተደውሏል።

ሱሀይላ ሻርፗን አስተካክላ ተነሣች። ብሩክታይት በሩን ያዘችላት።

«ነዪ፣ በመኪና አብረን እንሂድ» አለቻት። «መርዶ በስልክ አይነገርም።»