የተላሰው ዲሽ

«ሰዎቹስ?»

«ሰዎቹማ... እየበሉ ነው።»

«እስካሁን?»

«ገበታው አልተነሣማ! ማን ያንሣላቸው?»

ይህን የሰማሁት ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ከፋሽጋ የሰሊጥ አጨዳ ስንመለስ፣ ትራክተሩ በሚጎትተው ጋሪ ላይ፣ ከኋላዬ ሁለት ሠራተኞች በሹክሹክታ ያወሩ ነበር። እንቅልፍ ስላዳፋኝ መጀመሪያውን አልሰማሁም። መጨረሻውንም ረስቼዋለሁ።

አሁን የምነግራችሁ ግን በገዛ ቤቴ የሆነ ነው።

መሐላ አልወድም። ሆነ... ብቻ ልበላችሁ።

ቦታው ገዳሪፍ፣ ሱዳን። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ። ጨለማ አትጠብቁ፤ ፀሐይዋ ቆርቆሮ ታቀልጥ ነበር።

ዘመኑ የእኛ ዐቢይ ጾምና የእስላሞቹ ረመዳን በአንድ ቀን የገቡበት፣ ሁለት ሺህ ዐሥራ ስድስት ነው። ከጦርነቱ የሸሸው ሕዝብ ከተማውን ሞልቶታል። ማሽላ ጠፍቷል። ገጠር ያለው ሰው የጉንዳን ጉድጓድ እየቆፈረ እህል ይለቅማል እየተባለ ይወራ ነበር።

እናቴ ሸጊቱ እግሯ ከተያዘ ቆይቷል። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ስለማትችል ያቺን የገመድ አልጋዋን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙረንላት ቅዳሴውን ከዚያው ትከታተላለች። ዲያቆኑ «በሰላም ግቡ» ብሎ ካላሰናበተ እህል በአፏ አይዞርም።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው።

ዲሻችንን ሐቡብ፣ ያ የአቧራ ማዕበል፣ አጣሞብናል። ቅዳሴው እኩሌታ ላይ ሲደርስ ምስሉ ይሰባበራል... ድምፁ ይቆረጣል... ይጠፋል።

«አለቀ እማ። ብይ።»

«አልሰማሁም።»

«ሰዓቱ አልፏል እኮ!»

«የሚያሰናብተኝ ሰዓት ነው እንዴ? ዲያቆኑ ነው እንጂ!»

እንዲህ እያለች ጦሟን ታድራለች። በመጨረሻ ባለቤቴ ደብሪቱ «ጋረደው!» ብላ በስሜ ወደ ጓሮ ጠራችኝ።

«ያንን ዲሽ ቀይረው። አለበለዚያ እማማ ፋሲካን አያዩልህም።»

ገዳሪፍ ገበያ የሚነግደው የመተማ ልጅ፣ ወዳጄ አብዱልናስር፣ ያገለገለ ዲሽ የሚሸጥ ሰው አገኘልኝ። አብረን ከከተማው ዳር ሄድን። ተፈናቃዮች የሰፈሩበት ነው። ሻጩ ከአንድ ዝም ያለ ዳስ ፊት ለፊት ቆሞ ጠበቀን። ዲሹን ግድግዳ አስደግፎታል።

«ባለቤቶቹስ?» አልኩ።

ሰውየው በዐረብኛ አንድ ነገር አንሾካሾከ። አብዱልናስር ወደ ዳሱ በር አየ።

«ሄደዋል... ነው የሚል።»

የዲሹ ጀርባ ጥላሸት ነው። ጉልቻ ላይ ተጥዶ እንደነበር ያስታውቃል። ውስጡ ደግሞ... የረጋ ሞራ። ቢጫ። ወፍራም። አጫጭር ፀጉር የተጣበቀበት።

አፍንጫዬን ያዝኩ።

«ምን ሲቀቅሉበት ነው?»

«ቁርበት ይሆናላ። ረኃብ እኮ ነው ያ አኺ፣ ወንድሜ። የሞተ አህያም ቢሆን...»

«በክት!»

«ወላሂ፣ አንተም ጾመኛ፣ እኔም ጾመኛ። ማሽተት ጾም አያስፈታም። ተሸከም!» ብሎ ሳቀብኝ።

ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

ቤት ወስጄ በአሸዋ ፋቅሁት። በሳሙና አጠብኩት። ሞራው በጥፍሬ ሥር ገብቶ ሽታው አልለቅ አለ።

ዲሽ መግጠም ማንም አላስተማረኝም። በጆሮዬ ነው የምሠራ። ሞገድ የምትፈልግ ትንሽ መሣሪያ ከሽቦው ጋር አያይዛለሁ፤ ስታገኝ እንደ ጫጩት ትጮኻለች። ጩኸቷ ሲቀጥን ብሎኑን አጠብቃለሁ።

በዚያ ቀንም ጮኸች። ቀጠነች።

ከዚያ... ዝም።

ከዚያ ከውስጧ ሌላ ድምፅ መጣ። እርጥብ ድምፅ። ብዙ አፍ አንድ ላይ ሲያላምጥ... ሲመጥ... ጣቱን ሲልስ።

ፈጥኜ ነቀልኳት። «ሙቀቱ ነው» አልኩ ለራሴ።

ከታች ደብሪቱ እልል አለች። ምስሉ እንደ መስታወት ጠርቷል!

እናቴ ቅዳሴውን እስከ መጨረሻው ሰማች። ዲያቆኑ አሰናበተ። ደብሪቱ አጥሚቱን ይዛ ቀረበች።

«ይቅር ልጄ፤ ጠግቤያለሁ።»

«ኧረ ምን በልተው ነው የጠገቡት?»

እናቴ አገሳች።

ክፍሉን የተቃጠለ ቁርበት ሽታ ሞላው።

ከንፈሯን አየሁት። ያብረቀርቃል። ስብ ነው። በዐቢይ ጾም!

ደብሪቱ በነጠላዋ ጠረገችላትና ጨርቁን አሸተተችው። ነጠላውን ከእሳቱ ውስጥ ከተተችው።

በማግሥቱም እንደዚያው። በሦስተኛውም። ቅዳሴ ያልቃል... እናቴ ታገሳለች... አጥሚቱ ይመለሳል።

አንድ ቀን ከምሳ ሰዓት በኋላ ሐቡብ መጣ። ሲያልፍ ዲሹን ልጠርግ መሰላል ይዤ ወጣሁ። ከታች የቅዳሴው ዜማ ይሰማል። ጣሪያው፣ ግድግዳው፣ የጎረቤቱ ዛፍ፣ ሁሉም አቧራ ለብሷል።

ዲሹ ብቻ ንጹሕ ነው።

ንጹሕ እንኳ አይባልም... ተልሷል። ምራቁ ገና አልደረቀም።

ከዳሩ ወደ መሐሉ የጣት ጥራጊ አለ። ሰው ትሪ ላይ የቀረውን ጠርጎ ሲበላ እንደሚተወው ያለ። የትልቅ ሰው ጣት አለ። የሕፃንም አለ።

ብሎኑ ሥር አንድ ነገር ተወሽቋል። ሳብኩት። የታኘከ ቁርበት... የጥርስ ምልክት ያለበት።

ትኩስ ነበር።

እዚያው ጣሪያው ላይ አስመለስኩ። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመስኩም። ያወጣሁት ውሃ ላይ ግን አጫጭር ፀጉር ተንሳፍፎ አየሁ።

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። እናቴ ቴሌቪዥኑን ትታ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። መንጋጋዋ ይንቀሳቀሳል። አፏ ውስጥ ምንም የለም።

«እማ... ማን ነው የሚያጎርስሽ?»

«ቀስ በል፣ ይሰሙሃል» አለች በሹክሹክታ። «ሰዎች ናቸው። ጨዋዎች። ሳይጠሩኝ አይበሉም። ቦታ ሰጥተውኛል።»

«ጾም እኮ ነው!»

«እነሱስ? ከእነሱ በላይ ማን ጾመ?»

እጇን ያዝኩት። እንደ ማሽላ አገዳ ቀሏል። ጠገብኩ እያለች ትከሳለች። እንዲህ ከሰነበተች እንደማላገኛት ገባኝ።

ወዲያው ወጥቼ ዲሹን ፈታሁት። ግቢ መሐል ጣልኩትና አብዱልናስርን አስጠራሁ።

«ያን ቀን ሻጩ ምን አለህ? እውነቱን።»

ዲሹን አየ። ወደ ኋላ ሸሸ።

«ያ አኺ... ተወኝ።»

«እናቴ ልትሞትብኝ ነው!»

«በዲሹ ዙሪያ ተቀምጠው ነው ሻጩ ያገኛቸው» አለ። «አባት፣ እናት፣ ልጆች። እጃቸው እንደተዘረጋ። በተቀመጡበት ደርቀዋል። ከእጃቸው ሥር ነው የሳበው።»

«ለምን ደበቅከኝ?»

«እናትህ እንድትበላልህ ብዬ ነዋ!»

ያ የትራክተር ጋሪ ላይ ወሬ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። በእኛም በእስላሞቹም ዘንድ የበላ ሰው አመስግኖ፣ መርቆ ሲያበቃ ነው ገበታ የሚነሣው። የእነዚህን ግን ማንም መርቆ አላነሣላቸውም፤ ሞተውም እየበሉ ነው። እኔ ደግሞ ገበታቸውን ጣሪያዬ ላይ ሰቅያለሁ።

«እንቅበረው» አለ አብዱልናስር። «በል ያዝ።»

በሁለት ወገን ያዝነው። አንዲት ስስ ቆርቆሮ ናት፤ ብቻዬን ተሸክሜ ያመጣኋት።

አልነሣ አለች።

ዳሯን በብዙ እጅ የተጫኗት ይመስል ከመሬት ንቅንቅ አላለችም። በዙሪያዋ ያለው አቧራ ጎድጉዷል... የጉልበት ቅርጽ ይዞ። ትልቅ ጉልበት። ትንሽ ጉልበት።

«እንዳታነሡት!» አለች እናቴ ከውስጥ። «ገና አልጨረስንም።»

አብዱልናስር ቁርኣን እያነበነበ አጥሩን ተጠጋ። እኔም ዳዊት ጀመርኩ። ቃሉ ጠፋኝ። የሚታየኝ የእናቴ ክንድ ብቻ ነው።

«የሚመርቅላቸው ነው የሚፈልጉ» አልኩ። «ያልበላ ደግሞ አይመርቅም።»

«አትሞክራት! በክት ነው! ጾምህስ?»

«ጾሜን የተቀበለኝ ያውቃል።»

ጎንበስ አልኩ። ሽታው ፊቴን መታኝ።

«እናቴን ልቀቁልኝ» አልኩ። «በእሷ ቦታ እኔ እቀመጣለሁ።»

ንፋስ የለም። ዝንብ የለም።

ከዚያ ከዲሹ ወዲያ ማዶ ያለው አቧራ ተንሸራተተ። ቀጥሎ ያለውም። አንዱ ለአንዱ ጠጋ... ጠጋ... እያለ፣ በእኔ በኩል የአንድ ሰው ቦታ ተከፈተ።

«ደብሪቱ...»

እናቴ ናት። ድምፅዋ የራሷ ነበር።

«ደብሪቱ፣ ራበኝ ልጄ። ያን አጥሚት አምጪልኝ።»

የማንኪያ ድምፅ ሰማሁ። ጉሮሮዋ ሲውጥ ሰማሁ። ዐይኔ እንባ ሞላ።

ተቀመጥኩ። አብዱልናስር ፊቱን አዙሮ ውሃ አፈሰሰልኝ። ታጠብኩ።

ዲሹ ባዶ ነው። ከታቹ ከቀረው ስስ አቧራ በስተቀር ምንም የለበትም። በአቧራው ላይ ከወዲያኛው ዳር አንድ መስመር ተነሣ። በእጅ እንደሚገፋ ነገር፣ ቀስ እያለ፣ መሐሉን አልፎ መጣ።

ከፊቴ ሲደርስ ቆመ።

ትኩስ እንፋሎት አገጬን ነካኝ።

አማተብኩ።

«እሺ» አልኩ። «እበላለሁ።»