የመሳለቂያው በርጩማ

በአርማሶን መንግሥት፣ ንጉሥ ዘርሞገስ በነገሠ በዘጠነኛው ዓመት፣ የተወለዱ ሕፃናት ሁሉ ሳይስቁ ቀሩ። መጀመሪያ ማንም ልብ አላለውም። በስድስተኛው ወር ሕፃናቱ ጡት እምቢ አሉ። በሰባተኛው ወር የመጀመሪያው ተቀበረ።

ሐርማን የሚባል የሃያ ሦስት ዓመት የንጉሡ ወታደር ሊባ የምትባል የሰባት ወር ልጅ ነበረችው። አንስቶ ሲያወዛውዛት ዝም ብላ ታየዋለች። ክንዷ ከአውራ ጣቱ ብዙም አይወፍርም ነበር።

ንጉሡ ትንቢት ተናጋሪዋን አስጠራ። ሴትዮዋ እጇን ሰባር ወደሚባለው ተራራ ዘረጋች።

«ጉርማ በልቶታል» አለች። «በዋሻው ያለው አውሬ የልጆቻችሁን ሳቅ በልቶታል። ወጥቶ የሚገድለው ካልተገኘ እስከ አዝመራ አንድም ሕፃን አይተርፍም።»

ጉርማን የማያውቅ አርማሶናዊ የለም። ወይም የሚያውቁት ይመስላቸው ነበር። አባቶቻቸው አውሬው ሳቅ ሲሰማ ይተኛል ብለው ነግረዋቸዋል። ስለዚህ በየዓመቱ፣ እህሉ ከተሰበሰበ በኋላ፣ አንድ ሰው ፊቱን ወደ ተራራው አዙረው በአደባባይ አጭር በርጩማ ላይ ያስቀምጡታል። የገለባ ዘውድ ይደፉበታል። ከረፋድ እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ይስቁበታል። ሕጉ አንድ ነው፦ ሳይስቅ የተገኘ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ይቀመጣል።

ያን ቀን አደባባዩን ያየ ሰው ምግብ አያሰኘውም። አፍ ሁሉ እስከ ጉሮሮ ይከፈታል። ምራቅ በጢም ላይ ይዝረከረካል። የተከበሩ ሰዎች ሆዳቸውን ይዘው ጭቃ ላይ ይንከባለላሉ። ዓይኖቻቸው ግን አይስቁም። እያንዳንዱ ጎረቤቱን በጎን ያያል፣ ያልሳቀ ካለ ለመያዝ።

ሦስት ዓመት በተከታታይ የተቀመጠው ቢሶር ነው። ሁሉም ስለሳቀበት ተተኪ አልተገኘም። ቢሶር ሸክላ ሠሪ ነው፤ የሐርማን እናት ወንድም። ተብታባ ነው። አንዲት ቃል ለማውጣት አገጩ ይንቀጠቀጣል፣ የአንገቱ ሥር ይገተራል። ሕዝቡ ከሁሉም ይህን ይወድለት ነበር።

ሐርማን በንጉሡ ፊት ተንበረከከ።

«በሰይፌና በልጄ እስትንፋስ እምላለሁ! የሕፃናቱን ሳቅ ሳልመልስ የአርማሶንን በር አልረግጥም።»

«ዘንጋርን ይዘህ ሂድ» አለ ንጉሡ። ዘንጋር የቤተ መንግሥቱ ቀልደኛ ነው። «እሱ እያሳቀ ያስተኛዋል፤ አንተ ትወጋዋለህ።»

በዚህ ጊዜ ቢሶር እጁ ላይ የደረቀ ጭቃ እንዳለ ወደ ፊት ወጣ።

«እኔም እ-እ-እሄዳለሁ። ንጉሥ ሆይ፣ አ-አውሬው አይ-አይ-አይ…»

«አይ-አይ-አይ!» አለ ዘንጋር አገጩን እያንቀጠቀጠ። «ኧረ ጎበዝ፣ ይህ ሰውዬ ንግግሩን እስኪጨርስ እኔ ሸብቼ እጠብቃችኋለሁ!»

መኳንንቱ በሳቅ ፈነዱ። ንጉሡ በእጁ አፉን ሸፈነ። ቢሶር የጀመረውን ሳይጨርስ ዝም አለ። ግን አብሯቸው ሄደ።

መንገዱ ሁለት ቀን ይፈጃል። በሁለተኛው ቀን ዘንጋር በበቅሎው ቀድሞ ሲርቅ ሐርማን ወደ አጎቱ ተጠጋ።

«አጎቴ፣ በንጉሡ ፊት ምን ሊሉ ነበር?»

ቢሶር ቆመ። ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ቃሉ እስኪወጣ ረጅም ጊዜ ወሰደ። ሐርማን ጠበቀ።

«አ-አይተኛም። ይ-ይበላል። ሲስቁብኝ ተራራው ሲ-ሲውጥ እሰማለሁ። በርጩማው ላይ ለ-ለተቀመጠ ብቻ ነው የሚሰማው።»

«ሁልጊዜ ይበላል?»

«አምና ው-ውሻ መጥቶ ዘውዴን ከራሴ ላይ ነጥቆ ሮጠ። ጅ-ጅራቱን እየቆላ፣ እንደ ንጉሥ። እኔ ራሴ ሳቅሁ። ከ-ከፊት የነበሩ ሁለት ሴቶችም ከእኔ ጋር ሳቁ። ያኔ ተራራው አ-አቃሰተ።»

«ለምን አልተናገሩም?»

«ሦ-ሦስት ጊዜ ጀመርኩ። ማ-ማን አስጨረሰኝ?»

ሐርማን መሬት መሬቱን አየ። «እኔም ስቄብዎታለሁ።»

«አውቃለሁ። ከ-ከሁሉም የከበደኝ ያንተ ነው።»

ይቅር ብዬሃለሁ አላለም። ሁለቱም መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ዋሻው የከረመ ስብ ይሸታል። ወለሉ ያሟልጫል። ጉርማ ከጥግ እስከ ጥግ ተዘርፍጦ ነበር፤ እንደተከመረ የበሬ ሆድ ዕቃ። ዓይን የለውም። ገላው ሁሉ አፍ ነው፣ አፎቹም የሰው ናቸው። ሐርማን ጥርሶቹን ሲያይ ጎረቤቶቹን አወቀ። የንጉሡን አፍ አወቀ። ከታች በኩል ደግሞ የራሱን አፍ፣ እስከ ድዱ ተከፍቶ፣ አየ። ወደ ኋላ ብሎ አስመለሰ።

ዘንጋር ግን ወደ ፊት ወጣ። «አንተ የስብ ክምር! እናትህ ስትወልድህ በየትኛው በኩል ሳመችህ?»

አፎቹ ሁሉ ሳቁ። አውሬው አበጠ።

«ዘንጋር፣ ተው!» አለ ሐርማን። ዘንጋር አልሰማም። በሕይወቱ ይህን ያህል አፍ ስቆለት አያውቅም። ቀጠለ። ከዚያ ወደ ቢሶር ዞሮ አገጩን አንቀጠቀጠ። ጉርማ ጣሪያው ድረስ ተነፋ፣ ጎንበስ አለ፣ ዘንጋርን በአንድ ጉርሻ ዋጠው። አፎቹ በዚያም ሳቁ።

ሐርማን ሰይፉን መዝዞ ተወረወረ። ሰይፉ እስከ እጀታው ስቡ ውስጥ ሰጠመና ቀረ። ከአፎቹ አንዱ ተፋበት። ምራቁ እንደ ፈላ ዘይት የግራ ፊቱን ላጠው። ከንፈሩ ወደ ጆሮው ተሰበሰበ፣ የዓይኑ ቆብ ተንጠለጠለ። አውሬው ተንፏቆ ቢሶርን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ ደረቱ ላይ ተጫነው።

ቢሶር የእህቱን ልጅ አየው።

«ሐ-ሐ-ሐርማን…»

አፎቹ አስካኩ።

«ፊ-ፊ-ፊትህ…»

ሐርማን እየተቃጠለ ጠበቀ።

«ፊትህ ድ-ድሮም ይህን ያህል አ-አያምርም ነበር። እ-እናትህ ነች ያታለለችህ!»

ከሐርማን ሆድ አንድ ነገር ተነሣ። ሕመሙን አልፎ ወጣ። ሳቀ። «እርስዎስ ቢሆኑ አጎቴ! ይህን እስኪጨርሱ አውሬው እንኳ ጠበቀዎት!»

ቢሶርም ሳቀ። ሳቁ አይንተባተብም ነበር። ሐርማን ይህን እስከዚያ ቀን አላወቀም።

የአውሬው አፎች አንድ በአንድ ተከደኑ። ጉርማ አቃሰተ። ቆዳው ከላይ እስከ ታች ተተረተረ፣ ክምሩም ቢሶር ላይ ተናደ። ከሆዱ ሞቅ ያለ ነፋስ ወጥቶ በሐርማን ጎን አለፈና ወደ አርማሶን ወረደ።

ሐርማን ስቡን በእጁ ሲዝቅ ዋለ። ቢሶርን ሲያገኘው ደረቱ ተሰብሮ ነበር፤ አይተነፍስም። ከዋሻው ውጭ ንጹሕ አፈር ላይ ቀበረው።

በአርማሶን በር ነጋሪት ተመታ። ሕዝቡ ተሰልፎ ጠበቀ። ሐርማን በተላጠ ፊቱ ብቅ አለ። ከዚያ ነጋሪት መቺው ሳቁን አፍኖ መያዝ አቃተውና በአፍንጫው ሳቀ። ቀጥሎ ያለው ሳቀ። ከዚያ ሁሉም። ንጉሡ በእጁ አፉን ሸፈነ። ሐርማን እየዞረ አፎቹን አየ። ዋሻው ውስጥ ያያቸው ናቸው።

«ጉርማ ሞቷል» አለ። «የገደለው ቢሶር ነው። አውሬውን የቀለባችሁት እናንተ ናችሁ። ሊነግራችሁ ሦስት ጊዜ ጀመረ። ልጆቻችሁን የቀበራችሁት አንድ ሰው ንግግሩን እስኪጨርስ መጠበቅ አቅቷችሁ ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ጠየቀ።

«ታዲያ ዘንድሮ በርጩማው ላይ ማን ሊቀመጥ ነው?»

ሐርማን መሬት ላይ ተፋና በመካከላቸው አልፎ ሄደ።

ምጥና የምትባለው ሚስቱ ደጃፉ ላይ ፊቱን አይታ በነጠላዋ ተሸፍና አለቀሰች። ሊባ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ተንበረከከ። ልጅቷ ብዙ ጊዜ አየችው። እጇን ዘርግታ ጣቷን በተጣመመው ከንፈሩ ውስጥ ከተተችና ጎተተች። ከዚያ ሆዷ ተንቀጠቀጠ፣ ድምፅ ወጣ፤ ሳቀች።

ሐርማን ፊቱን መለስ አደረገ። የሳቀችው በዚያው ሕዝቡ በሳቀበት ፊት ነው። ያ በበሩ ያስተፋው ምሬት እስኪመጣ ጠበቀ። አልመጣም።

ልጅቷ ከንፈሩን እንደገና ጎተተችና ዓይን ዓይኑን እያየች ጠበቀችው። እሱም በቀረው ግማሽ አፉ ሳቀ።