ፍየሎቹ ያልነኩት ካስማ

የጂኦፊዚክስ ባለሙያው አንዷለም በደረቀው ሐይቅ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ቀኝ እጁ መሬት ላይ የተተከለ አንድ የብረት ካስማ ጨብጧል። መሬት ውስጥ ኤሌክትሪክ እየላከ የሐይቁን ሥር ሲያጠና፣ ለአበርገሌዋ መንደር ጉድጓድ የሚቆፈርበትን ቦታ ሲፈልግ ሰንብቷል። የመንደሩ ወጣቶች ተሰደዋል፤ የቀሩትም ውሃ ካልተገኘ ሊነሡ ነው።

«ኤሌክትሪክ ነው የገደለው» አለ ምንዋጋው፣ የመለኪያ መሣሪያው ሠራተኛ።

ከሰቆጣ የመጣችው ኢንስፔክተር ምሕረት የሟቹን ማጅራት እያየች ነበር። «በግንባሩ የወደቀ ሰው ማጅራቱ በምን ይፈነከታል? ካስማ የሚተክለው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ካሤ። «ተክዬ ሥሩ ውሃ አፈሳለሁ። ትናንት አሥር ሰዓት ላይ ከምንዋጋው ጋር ወደ ድንኳን ገባን፤ አንዷለም እዚሁ ቀረ።»

«እኛ የምንጠጣው አጥተን እነሱ መሬት ያጠጣሉ» አሉ የመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ተስፋው። «ከመንደሩ እዚህ ግራር ሥር የምውለው እኔ ብቻ ነኝ፤ ሁሉን አያለሁ።»

«ቢሰጡዎትም አይጠጡትም፣ አያ ተስፋው» አለ ካሤ።

ምሕረት የካስማዎቹን መስመር ተከትላ ሄደች። ፍየሎች የየካስማውን ሥር ይልሳሉ። አንዷለም የጨበጠው ካስማ ሥርም ረጥቦ የደረቀ አፈር አለ፤ ፍየሎቹ ግን እያሸተቱ አለፉት።

ሁሉንም ግራሩ ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ካሤ፣ ውሃው ውስጥ ምን ትጨምራለህ?»

«ጨው። ኤሌክትሪኩን ያሳልፋል። ሰዉ ‹መሬታችንን ሊያበላሹ ነው› እንዳይል፣ አንዷለም ድንኳን ውስጥ በጥብጡት ብሎን ነበር።»

«ሃያ አራቱ ካስማ ሥር ጨው አለ፤ አንዷለም በጨበጠው በሃያ አምስተኛው ሥር ግን ንጹሕ ውሃ ነው የፈሰሰው። ኤሌክትሪክ የገደለው እንዲመስል እሱን የተከለው ሰው ውሃ ሲፈስ ከሩቅ አይቷል፤ ጨውን ግን አያውቅም። እነዚህ ሁለቱ ያውቃሉ። ከሩቅ ያዩት እርስዎ ነዎት፣ አቶ ተስፋው።»

ሽማግሌው ዱላቸውን መሬት ላይ አጋደሙት።

«‹ከሥሩ ጭቃና ጨዋማ ውሃ ነው› አለኝ። ለሰው አትንገር ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። መደበቅ አልችልም ብሎ ዞረ። ከነገራቸው መንደሩ አለቀ፣ ልጄ። መታሁት። ያፈሰስኩትም ለቤቴ የቀረችውን ውሃ ነው።»

«የነገረዎት የመሃሉን ነው» አለ ምንዋጋው ቀስ ብሎ። «ምዕራቡ ዳር ከጭቃው በታች ንጹሕ ውሃ የያዘ አሸዋ ሳይኖር አይቀርም ይል ነበር። ያን መስመር ዛሬ ልንለካ ነበር።»

ተስፋው ቀና አሉ። «እናንተ ለኩዋ።»

«መለካቱንስ እንለካለን፣ አባቴ። ቁጥሩን አንብቦ ‹እዚህ ጋ ቆፍሩ› የሚለን እሱ ብቻ ነበር።»